የመሪ ራክ ጎሚኒ

የመሪ ራክ ጎሚኒ የመኪና መሪ ራክ ከፊት ተሻጋሪ ብረት (ክሮስሜምበር) ጋር በሚታሰርባቸው ማቀፊያዎች ውስጥ የሚገባ የላስቲክ ቀለበት ነው። የራክ ቡሽ ተብሎም ይጠራል። ሥራው ሁለት ነው፤ ራኩ ከቦታው እንዳይንሸራተት መያዝ እና ከመንገድ የሚመጣው ንዝረት በቀጥታ ወደ ሹፌሩ እጅ እንዳይደርስ ማለዘብ። ሲያረጅ መሪው ይላላል፣ መኪናውም ለሹፌሩ ትእዛዝ ዘግይቶ ይመልሳል።

አሠራሩ

በራክና ፒንየን መሪ፣ የመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ጥርስ (ፒንየን) ስትዞር ጥርስ የተቆረጠበትን ረጅም ዘንግ (ራክ) ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ትገፋለች። ራኩም በታይሮዶቹ አማካይነት የፊት ጎማዎችን ያዞራል። ይህ እንዲሆን የራኩ ቤት ራሱ መንቀሳቀስ የለበትም። ጎሚኒው ካለቀ ግን ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው የራኩ ቤት ነው፤ ጎማዎቹ የሚዞሩት ክፍተቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ትንሽ የምትመስል ክፍተት በመሪው ላይ ትልቅ ሆና ትታያለች። ለምሳሌ መሪው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ራኩ 45 ሚሊሜትር የሚሄድበትን መኪና ብንወስድ፣ የራኩ ቤት 2 ሚሊሜትር ቢንሸራተት መሪው 16 ዲግሪ ያህል በባዶ ይዞራል ማለት ነው።

የሚያልቅበት ምክንያት

ላስቲክ በዕድሜና በሙቀት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከሞተር ወይም ከኃይል መሪ (ፓወር ስቲሪንግ) የሚንጠባጠብ ዘይት ደግሞ ያብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። ስለዚህ የዘይቱ መፍሰስ ሳይቆም አዲስ ጎሚኒ ማስገባት ብዙ አይቆይም። ጉድጓድና ድንጋይ የበዛበት መንገድም የማለቂያውን ጊዜ ያፋጥነዋል።

ምልክቶቹና ምርመራው

የተለመዱት ምልክቶች የመሪ መላላት፣ ጉድጓድ ሲመታ ከፊት የሚሰማ ኳኳታ፣ በኩርባ ላይ መሪውን ደጋግሞ የማስተካከል አስፈላጊነት እና ፍሬን ሲያዝ ወደ ጎን መሳብ ናቸው። ይሁን እንጂ የታይሮድ፣ የቦል ጆይንት ወይም የጎማ ኩሽኔታ ችግርም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። ሳይመረምሩ ጎሚኒ መቀየር ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን፣ አደገኛው ብልሽት እንደተደበቀ እንዲቀር ያደርጋል።

ምርመራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ አንዱ መሪውን በትንሹ ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፤ ሌላው የራኩን ቤት ይመለከታል። ጎማዎቹ ከመዞራቸው በፊት የራኩ ቤት በማቀፊያው ውስጥ ከተንሸራተተ ጎሚኒው አልቋል፣ ወይም የማቀፊያው ብሎን ላልቷል። ቀጥሎ የፊቱ ጎማ በክሪክ ተነሥቶ፣ መኪናው በጠንካራ መደገፊያ ላይ ካረፈ በኋላ፣ ጎማው ግራና ቀኝ ጎኑ ተይዞ ሲነቀነቅ የሚታይ ክፍተት ብዙውን ጊዜ የታይሮድ ነው፤ ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ የሚታየው ደግሞ የኩሽኔታ ወይም የቦል ጆይንት ነው። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ለሕይወት ያሰጋል።

የመተኪያ ዓይነቶች

ላስቲክ፦ ፋብሪካው የሚጠቀምበት ዓይነት ነው። ንዝረትን በደንብ ያለዝባል፣ ነገር ግን ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ ይታጠፋል።

ፖሊዩሪቴን፦ ከላስቲክ የጠነከረ ፕላስቲክ መሰል ነገር ነው። ዘይት ብዙ አይጎዳውም፣ መሪውንም ቀጥተኛ ያደርገዋል። ሆኖም ንዝረቱ ይጨምራል፤ ተስማሚ የሲሊኮን ግሪስ ካልተቀባም ሊጮህ ይችላል።

አልሙኒየም፦ ምንም አይታጠፍም። ለውድድር መኪና ይመረጣል፤ በጠጠር መንገድ ላይ ግን ምቱን ሁሉ ለራኩ፣ ለማቀፊያውና ለተሻጋሪው ብረት ያስተላልፋል።

መለዋወጫ ሲታጣ ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ የሚሠራ ጎሚኒ ለጊዜው ሊያገለግል ይችላል። ነገር ግን የግራውና የቀኙ ውፍረት እኩል ካልሆነ ራኩ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል። የራኩ ከፍታ ሲለወጥ የታይሮዶቹ ማዕዘን ይለወጣል፤ መኪናው በጉድጓድ ላይ ሲነጥር ጎማዎቹ ሹፌሩ ሳያዛቸው ይዞራሉ።

በአሮጌ የስፖርት መኪኖች

ጎሚኒን በጠንካራ ዓይነት መተካት የቆዩ የስፖርት መኪና ባለቤቶች ከሚያደርጓቸው የመጀመሪያ ማሻሻያዎች አንዱ ነው። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ዳትሰን 240ዜድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የቀረበው ይህ የጃፓን መኪና የራክና ፒንየን መሪ ያለው ሲሆን፣ ራኩ በሁለት ማቀፊያዎች ታስሮ በላስቲክ ላይ ያርፋል። ዛሬ ባለቤቶቹ ብዙ ጊዜ በፖሊዩሪቴን ይተኩታል። መኪናው ለለስላሳ አስፋልት ብቻ የተሠራ አልነበረም፤ በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1971 በኤድጋር ኸርማን፣ በ1973 ደግሞ በሼካር መህታ ተነድቶ አሸንፏል።

በኢትዮጵያ መንገዶች

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ መሪ የሚፈተነው በአቀበትና በቁልቁለት ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ የጉናን ተራራ አካባቢና የጨጨሆን ገደላማ ኩርባ ያልፋል። ከዋናው መንገድ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገቡት ደግሞ የጠጠርና የአፈር መንገዶች ናቸው። በእንዲህ ያለ ቦታ በመሪው ላይ ያለ ጥቂት ዲግሪ ክፍተት መኪናውን ከመንገዱ ጠርዝ ለማውጣት ይበቃል። ንዝረቱ ስለሚበዛም ከሁሉ የጠነከረው ጎሚኒ ከሁሉ የተሻለው አይደለም፤ ለዕለት ሥራ ጥራት ያለው አዲስ ላስቲክ፣ ወይም ቢበዛ ለስላሳው ፖሊዩሪቴን ይመረጣል።

በአካባቢው የሚሠሩት ተሽከርካሪዎች ሁሉ ግን ይህ ክፍል የላቸውም። የአይሱዙ የጭነት መኪኖችና ላንድክሩዘር 70 የሚጠቀሙት በመሪ ሳጥን ስለሆነ የራክ ጎሚኒ አይገኝባቸውም፤ መሪያቸው ቢላላ ምክንያቱ በሳጥኑና በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ይፈለጋል። ቶዮታ ቪትዝና የፊት ጎማ የሚነዳቸው ኮሮላዎች ግን ባለ ራክ ናቸው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት መሥራት ስለሚጠበቅባቸው፣ እንዲህ ያሉ ትናንሽ ክፍሎች ጥገና ክብደት አግኝቷል።

አቀያየሩ

መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ ጎማዎቹ ቀጥ ተደርገው መሪው ይቆለፋል። በብዙ መኪኖች ማቀፊያዎቹን አንድ በአንድ መፍታት ስለሚበቃ የመሪውን ዘንግ መንቀል አያስፈልግም። መንቀል ግድ ከሆነ መገጣጠሚያው አስቀድሞ ምልክት ይደረግበታል። ኤርባግ ባለው መኪና ዘንጉ ተነቅሎ ሳለ መሪው ከዞረ ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ጥቅል ሽቦ ሊበጠስ ይችላል።

አሮጌው ጎሚኒ ከወጣ በኋላ መቀመጫው ከዘይትና ከዝገት ይጸዳል፤ ተሻጋሪው ብረትም መሰንጠቁ ይታያል። አዲሶቹ በሁለቱም በኩል በአንድ ጊዜ ይተካሉ፤ አንዱን ብቻ መቀየር ራኩን ሚዛን ያሳጣዋል። የነዳጅ ዘይት ውጤት የሆነ ግሪስ ላስቲክን ስለሚጎዳ አይቀባም። ብሎኖቹ በአምራቹ መመሪያ በተጻፈው ልክ በቶርክ ቁልፍ ይጠብቃሉ። በመጨረሻም መሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይያዝ መዞሩ ይረጋገጣል፣ የጎማዎቹ አቅጣጫ (አላይመንት) ይለካል፣ ከጥቂት ቀናት ጉዞ በኋላም ብሎኖቹ ዳግመኛ ይፈተሻሉ።