የሚነዝር ቆርቆሮ፦ የምድር መስመር ነገር በፀዳና በጎንደር

ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው አስፋልት ፀዳ ሲደርስ፣ እንደማንኛውም የመንገድ ዳር ከተማ፣ ግራና ቀኙ የቆርቆሮ ሱቅ፣ የብረት ኪዮስክና ጭነት ማመላለስ ያቆመ ኮንቴይነር ነው። ፀጉር ቤቱ፣ ስልክ ጠጋኙ፣ ጁስ ቤቱ፣ ብየዳ ቤቱ ሁሉም መብራት ይፈልጋል። መብራቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቅርብ ቤት ቆጣሪ በተሳበ ሁለት ሽቦ ነው፤ አንዱ ፌዝ፣ ሌላው ኒውትራል። ሦስተኛው፣ የምድር መስመሩ፣ የለም። ሽቦው በብረቱ ጠርዝ እየተፋቀ ሽፋኑ ያለቀ ቀን ሱቁ ራሱ 220 ቮልት ተሸክሞ ይቆማል። ብሬከሩ አይወርድም፣ አምፖሉም አይጠፋም። ብልሽቱን መጀመሪያ የሚያውቀው በሩን በእርጥብ እጁ የነካው ሰው ነው።

ባሕር ማዶም ይህንኑ ችግር በደንብ ያውቁታል። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ አሮጌ ተጎታች ቤቶችን ገዝተው የሚያድሱ ሰዎች ደጋግመው የሚያገኙት ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው መስመርና በጎማ ላይ ተቀምጦ ከመሬት የተነጠለ የአሉሚኒየም ገላ ነው። መፍትሔው ደንብ ከሆነ ቆይቷል፦ ገላው ከምድር መስመር ጋር ይታሰራል፤ ኒውትራሉ ግን ተጎታቹ ውስጥ ከገላው ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን መስፈርት ደግሞ የተጎታች ማቆሚያ ሶኬቶች 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስሱ መብራቱን የሚቆርጥ፣ አርሲዲ የተባለ መሣሪያ ሊኖራቸው ይገባል። ኮንቴይነር ሱቅ ጎማ የሌለው ተጎታች ነውና ይኸው ደንብ እንዳለ ይሠራለታል።

ኒውትራልን ከገላ ጋር ማሰር የተከለከለበት ምክንያት በእኛም ሰፈር መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም ሦስተኛ ሽቦ ሲጠፋ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከምድር ቀዳዳው ጋር በአጭር ሽቦ ማገናኘት የተለመደ አቋራጭ ነው። ኒውትራሉ መንገድ ላይ ከተበጠሰ ወይም ቆጣሪው ጋ ፌዝና ኒውትራል ከተቀያየሩ ግን፣ በዚያች አጭር ሽቦ በኩል ሙሉው ቮልቴጅ የፍሪጁንና የምጣዱን ገላ ይይዛል። ምድር መስመር ከሌለው ቤት ይልቅ እንዲህ የተሠራው ቤት ይገድላል።

የጎንደር አሮጌ ቤቶች ጉዳይ ከዚህ ትንሽ ይለያል። ጣሊያን ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ሽንፈቱ ድረስ ያቆማቸው የፒያሳ ሕንፃዎች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል፣ ይሠራባቸዋል። የዚያ ዘመን የጣሊያን አሠራር በጨርቅ የተሸፈኑ ሁለት ሽቦዎችን ገምዶ በሸክላ መያዣ ግድግዳ ላይ ማስኬድ ነበር። ምድር መስመር በዚያ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ በተሠሩት የእንጨትና የጭቃ ቤቶች ደግሞ ሽቦው ከአቡጀዲ ኮርኒስ በላይ ያልፋል፤ አቧራ ይጠጣል፣ አይጥ ይቀረጥፈዋል። አሉሚኒየምና መዳብ ተጠማዘው በናስትሮ ብቻ የተጠቀለሉበት መገጣጠሚያ ከጊዜ ጋር ይላላል፣ ይግላል። አቡጀዲው ከሥሩ ነው።

እነዚህ መስመሮች የተዘረጉት ለጥቂት አምፖሎች ነበር። ዛሬ የሚሸከሙት ምጣድ ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ለመብራት የሚሆነው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይህን ለረጅም ሰዓት መሸከም የለበትም። ምጣድ ከቆጣሪው ሳጥን በቀጥታ የሚነሣ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል፤ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ቢሆን ይመረጣል፣ ብሬከሩም ለብቻው። ፊውዙ በተቃጠለ ቁጥር ወፍራም ሽቦ የሚጠመጠምበት ቤት ውስጥ እሳት እስኪነሣ የሚጠበቀው ጊዜ ብቻ ነው።

ምድር መስመር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መሬት ውስጥ የተተከለ ዘንግ ነው። ዘንጉ ያስፈልጋል፤ ብቻውን ያድናል ማለት ግን ስሕተት ነው። ዘንጉ ከአፈሩ ጋር ያለው ሬዚስታንስ 50 ኦም ቢሆን፣ 220 ቮልት በዚያ በኩል ሊያፈስ የሚችለው 4.4 አምፔር ብቻ ነው። ለ16 አምፔር ብሬከር ይህ ተራ ጭነት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢፈስ አይወርድም። ቆጣሪው በየሰዓቱ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ በከንቱ ይቆጥራል፣ የሱቁ ገላም እንደነዘረ ይውላል።

አፈሩስ? ከፀዳ ቁልቁል እስከ ደንቢያ ሜዳ ድረስ ሰፊው መሬት ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ዘንጉንም አጥብቆ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ከእሱ የተሻለ አፈር አይገኝም፤ በዓለም ገበያ ለምድር መስመር ማሻሻያ የሚሸጠው ቤንቶናይት ዋና ማዕድኑ ሞንትሞሪሎናይት ሲሆን፣ የዋልካ ጭቃም ከዚሁ የማዕድን ወገን ነው። በጋው ሲጠና ግን ያው አፈር ይሸሻል፣ ይሰነጠቃል፣ ዘንጉ ዙሪያ አየር ይገባል። ነሐሴ ላይ ተለክቶ ጥሩ የተባለ ምድር መስመር ሚያዝያ ላይ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ መለካት ያለበት በበጋ ነው፤ ዘንጉም ስንጥቁ ከሚደርስበት ጥልቀት በታች መውረድ አለበት፤ 2.4 ሜትር ቢሆን መልካም ነው። ድንጋያማው የጎንደር ኮረብታ ላይ ያን ያህል መውረድ ካልተቻለ፣ ሁለት ሦስት አጫጭር ዘንጎች ቢያንስ በቁመታቸው ልክ ተራርቀው ተተክለው በመዳብ ይያያዛሉ። ጉድጓዱ ውስጥ ጨውና ከሰል መጨመር የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ጨው ክረምት በመጣ ቁጥር ይታጠባል፣ ብረቱንም ይበላዋል።

ይህን ሁሉ ወደ ደኅንነት የሚለውጠው አርሲዲ ነው። በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ጅረት ያነጻጽራል፤ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሲሞላ ከ0.3 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ፕሮፌሰር የነበረው ቻርልስ ዳልዚል ጅረት በሰው አካል ላይ የሚያደርሰውን ለዓመታት አጥንቶ በ1961 (እ.ኤ.አ.) በዚሁ መርህ የሚሠራ፣ በ5 ሚሊ አምፔር ገደማ የሚቆርጥ መሣሪያ ፈጥሯል። ከ10 ሚሊ አምፔር ጀምሮ ጡንቻ ይጨመድዳል፤ እጅ የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል። ባለ60 ዋት አምፖል የሚስበው ደግሞ 270 ሚሊ አምፔር ያህል ነው። አርሲዲ ያለው ቤት ዘንጉ ብዙ መቶ ኦም ቢሆን እንኳ ብልሽቱ በተፈጠረ ቅጽበት ይቆረጣል፤ የዋልካው ስንጥቅ የሚያመጣው ስጋት በዚህ ይቃለላል። ምድር ሽቦ በሌለበትም አርሲዲ ይሠራል፤ ልዩነቱ ያኔ የሚቆርጠው ሰው ከተነዘረ በኋላ መሆኑ ነው።

አርሲዲ ተገጥሞ በሳምንቱ የሚነቀልበት ቤት አለ፤ መብራት እየቆረጠ አስቸገረ ተብሎ። ብዙ ጊዜ የቆረጠው ተበላሽቶ አይደለም፤ ኒውትራሉ የሆነ ቦታ ከመሬት ወይም ከሌላ መስመር ኒውትራል ጋር ስለተገናኘ ነው። ያንን መገናኛ ፈልጎ ማላቀቅ የኤሌክትሪሺያኑ ሥራ ነው።

ፍተሻም አለ። ባለመብራቷ ቴስተር ፌዝን ታሳያለች እንጂ የምድር መስመርን ጥራት አትናገርም። መልቲሜትርም በፌዝና በምድር መካከል 220 ቢያሳይ እምብዛም ጅረት ስለማይስብ ደካማውን ዘንግ ደኅና ያስመስለዋል። ለዘንጉ የምድር ሬዚስታንስ መለኪያ፣ ለአሮጌው ሽቦ ሽፋን ደግሞ 500 ቮልት የሚሰጥ ሜገር ያስፈልጋል፤ ሜገሩ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካነበበ ሽቦው ይቀየራል። ባለሦስት ጥርስ መሰኪያ ይዞ የሚመጣ ዕቃ በባለሁለት ቀዳዳ ዲቫይደር ላይ ሲሰካም ምድሩ እዚያው ይቀራል፤ ቤቱ በሙሉ በአዲስ ሽቦ ቢሠራ እንኳ።

የኢትዮጵያ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ኮድ፣ ኢቢሲኤስ 10፣ በ1995 (እ.ኤ.አ.) ወጥቷል፤ የባለሙያ ብቃት ማረጋገጫ የሚሰጥ የመንግሥት ባለሥልጣንም አለ። ሁለቱም ግን ከጎረቤት ቆጣሪ ወደ ኮንቴይነር የሚሻገረው ሽቦ ጋ እምብዛም አይደርሱም። እዚያ ኃላፊነቱ የሚወድቀው በቆጣሪው ባለቤት ላይ ነው። ሽቦው ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት አንድ አርሲዲ ቢያስገባ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሱቅ ሁሉ ይሸፍናል። ባለሱቁ በበኩሉ ሽቦው ብረቱን በሚበሳበት ቀዳዳ ላይ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ያስገባል፤ ገላውን ቀለሙን ፍቆ በብሎን ከአረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ጋር ያስራል፤ ሽቦውንም ወደ ዘንጉ ያወርዳል። በወር አንድ ጊዜ የአርሲዲውን የመፈተሻ ቁልፍ መጫን ለባለቆጣሪው ይቀራል፤ ሲጫን ካልወረደ ተቀይሮ ነው ሱቁ የሚከፈተው።