ዛፉን ለአፈሩ

ከቡሬ ተነስቶ በእንጅባራ በኩል ወደ አዲስ ቅዳም የሚያልፍ መንገደኛ ማሳ ሙሉ ዛፍ ያያል። ዲከረንስ ነው፤ አገሩ አውስትራሊያ፣ ቅጠሉ እንደ ግራር የደቀቀ፣ አበባው ቢጫ። በጎጃም፣ በአዊ ዞን የሚገኘው የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክለዋል። ጤፉ በዓመቱ ይታጨዳል፤ ቀጥሎ ከዛፉ ሥር የሚበቅለው ሣር ለከብት ይሆናል፤ ዛፉ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ተቆርጦ እዚያው ይከሰልና መሬቱ እንደገና ይታረሳል። ዛፉን ያስፋፋው የከሰል ገበያ ብቻ አይደለም። ገብስና ስንዴ የከበዳቸው አሲዳማ አፈር እሱን አልከበደውም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለጓሮ አትክልተኛም ይሠራል፦ ተክል ለአፈሩ ይመረጣል፤ አፈርን ለተክል ብሎ መለወጥ ግን ማለቂያ የሌለው ሥራ ነው።

ምክንያቱ ከአፈሩ ጠባይ ይጀምራል። የጎጃምን ቀይ አፈር የዘመናት ክረምት ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ወስዶበታል። ፒኤቹ ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የእህሉን ሥር ያቀጭጫል፤ በማዳበሪያ የተጨመረው ፎስፈረስም በአፈሩ ተይዞ ይቀራል። በኖራ በበለጸገው፣ ዝናብ በሚያንሰው የስምጥ ሸለቆ አፈር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚታሰረው ብረት ነው። አሲዳማ አፈር የሚወድ ዛፍ ሲተከልበት ለጋ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ብረቱ በአፈሩ ውስጥ ሞልቶ ሳለ ሥሩ ሊስበው አይችልም።

ታዲያ ድኝ ቢጨመርበትስ? ድኝ በአፈር ተሕዋስያን አማካኝነት ቀስ በቀስ ወደ አሲድ ስለሚለወጥ ኖራ በሌለበት አፈር ይረዳል። አፈሩ ላይ ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግ አረፋ ካወጣ ግን በውስጡ ያለው ኖራ የሚፈጠረውን አሲድ ሁሉ እየበላ ይጨርሰዋል። የጉድጓዱ ውኃም ኖራማ ከሆነ በየመስኖው አዲስ ኖራ ይጨመራል። በገንዳ፣ በተመረጠ አፈርና በዝናብ ውኃ አንድ ሁለት ዛፍ ማሳደግ ይቻላል፤ ግቢ ሙሉ ግን አይሆንም።

በጎጃም በኩል የሚነሳው ክርክር ይጠነክራል፤ አሲዳማ አፈር በኖራ ይታከማል። እውነት ነው፤ ገብስና ስንዴ ለሚበላ ሕዝብ ኖራ ያስፈልጋል። ሆኖም ለአንድ ሄክታር ከ20 ኩንታል በላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ ማጓጓዣው ከባድ ነው፣ ከዓመታት በኋላም መደገም አለበት። ስለዚህ ኖራው እህል ለሚዘራበት ማሳ ይዋል፤ የቀረው መሬት አሲድ ለሚችል ተክል ይሰጥ። ሻይ በውሽውሽና በጉመሮ የለማው እንዲህ ባለ አፈር ነው። ግብጦም በጎጃም የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሥሩ ራሱ አሲድ እያመነጨ የታሰረውን ፎስፈረስ ይፈታል።

አፈሩን የሚስማማ ዛፍ ሁሉ ግን ብቻውን አገር ይሙላ ማለት አይደለም። በአዊ ዲከረንስ ማሳ ከማሳ ተያይዞ ስለቆመ የዝገት በሽታ ሲገባ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዛመት አልተቸገረም፤ ኑሮውን በእሱ ላይ የመሠረተውም ገበሬ ተጎዳ። ይህ ጉዳት ግን የሚነቅፈው አንድ ዛፍ ላይ መንጠልጠልን ነው እንጂ ለአፈሩ የሚስማማውን መምረጥን አይደለም። አፈሩ የሚቀበላቸው ተክሎች ብዙ ናቸው። ችግኝ ከመግዛት በፊት አፈሩን ማስመርመር፣ ከተስማሚዎቹም ሁለት ሦስት ዓይነት አቀላቅሎ መትከል ከማንኛውም መድኃኒት ይረክሳል።