ፀረ-ባክቴሪያ ጨርቅ በዕፅዋት ዘይት

ፀረ-ባክቴሪያ ጨርቅ ባክቴሪያ እንዳይራባበት ወይም እንዲሞትበት ሆኖ የተዘጋጀ ጨርቅ ነው። ለዚህ ከሚያገለግሉት ነገሮች አንዱ ከመዓዛማ ዕፅዋት የሚወጣ ተናኝ ዘይት ነው። ዘይቱን ጨርቅ ላይ ማድረግ ቀላል ሲሆን፣ ከታጠበ በኋላ እንዲቆይ ማድረግ ግን ከባድ ነው።

ዕፅዋቱና ዘይታቸው

በኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅለው ጦስኝ ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ውህዶች አሉት። ውህዶቹ የባክቴሪያውን ሕዋስ ሽፋን ስለሚያፈርሱ በውስጡ ያለው ወደ ውጭ ይፈስሳል። የነጭ ባሕር ዛፍ ዘይት ዋና ውህድ ደግሞ ሲኒዮል ነው። በደቡብ ጎንደር፣ በአንበሳሜና በወረታ ዙሪያ፣ ገበሬዎች ባሕር ዛፍን ለአጠናና ለማገዶ ይተክላሉ፤ ዘይቱ የሚገኘው ከቅጠሉ ነው።

ዘይቱ የሚወጣው አረቄ እንደሚወጣበት ባለ መንገድ ነው። ቅጠሉ በእንፋሎት ይሞቃል፤ እንፋሎቱ በቀዝቃዛ ቱቦ አልፎ ውሃ ሲሆን ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል።

አሠራር

የጥጥ ጨርቁ በመጀመሪያ ከስታርችና ከሰም ይጸዳል። ከዚያም ዘይቱ ባለበት ፈሳሽ ተነክሮ በሁለት ሮለሮች መካከል ይጨመቅና ይደርቃል። በዚህ መንገድ ብቻ የተቀባ ዘይት ቶሎ ይተናል፤ ሲታጠብም ይለቃል።

ስለዚህ ዘይቱ ማይክሮካፕሱል በሚባሉ፣ በዓይን በማይታዩ ቅንጣቶች ውስጥ ይታሸጋል። ሽፋናቸው ከግራር ሙጫና ከጄላቲን ሊሠራ ይችላል። ልብሱ ሲታሽ ሽፋኑ እየተሰነጠቀ ዘይቱን በጥቂት በጥቂቱ ይለቃል። ቅንጣቶቹን ከጥጡ ጋር ለማያያዝ ሲትሪክ አሲድን የመሰለ ማሰሪያ ይጨመራል። ሆኖም ማሰሪያው እንዲይዝ የሚሰጠው ሙቀት ሲበዛ ዘይቱን ያባክናል።

ፍተሻ

አይኤስኦ 20743 በተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ መሠረት ባክቴሪያ በታከመውና ባልታከመው ጨርቅ ላይ ይደረጋል። በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ከቆየ በኋላ በሁለቱ ላይ ያለው የባክቴሪያ ብዛት ይነጻጸራል። ከፍተሻው ባክቴሪያዎች አንዱ ቁስል የሚያመረቅዘው ስታፊሎኮከስ አውሬየስ ነው። አዲሱ ጨርቅ ብቻ ተፈትኖ የተገኘ ውጤት ስለ አገልግሎት ዘመኑ አይናገርም፤ ደጋግሞ የታጠበውም መፈተሽ አለበት።

በኢትዮጵያ

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከዕፅዋት የሚገኙ ውህዶችን ለጥጥ ጨርቅ ማከሚያነት ያጠናል።

ጥንቃቄ

ከዕፅዋት መገኘቱ ብቻ ዘይቱን ከጉዳት ነጻ አያደርገውም። የበዛ ቲሞል ቆዳን ያሳክካል፤ በሕፃናት ልብስና በቁስል ማሰሪያ ላይ መጠኑ በጥብቅ ይወሰናል። የታከመ የሆስፒታል አንሶላም ቢሆን ከመታጠብና በሙቀት ከመጽዳት አይድንም።