ያገኘውን ለወገኑ ያካፈለ ተጫዋች

ለሰው የተሰጠ መክሊት ገንዘብ ብቻ አይደለም። የእጅ ብልኀት፥ የአእምሮ ብሩህነት፥ የእግር ፍጥነትም ቢሆን አደራ ነው። አደራም የሚመዘነው በተቀበሉት ብዛት ሳይሆን በሠሩበት ሥራ ነው። ለዚህም የሴኔጋሉ የእግር ኳስ ተጫዋች የሳዲዮ ማኔ ታሪክ መልካም ምሳሌ ይሆናል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ሳዲዮ ማኔ በ1992 ዓ.ም. በደቡብ ሴኔጋል ባምባሊ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የመስጊድ ኢማም ነበረ። ልጁ የ7 ዓመት ያህል ሳለ አባቱ ሆዱን ታመመ። በባምባሊ ሐኪም ቤት አልነበረምና መድኃኒት ፍለጋ ወደ ሌላ መንደር ወሰዱት፤ እንደ ወጣም ሳይመለስ ቀረ። ሳዲዮ የአባቱን መርዶ የሰማው ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ሊጫወት በወጣበት ሜዳ ነው።

ዘመዶቹ ኳስ መከተሉን አልወደዱለትም። እርሱም በጉርምስናው ሳይነግራቸው ወደ ዳካር ኰበለለ። ይህ የሚመሰገን አይደለም፤ ዘመዶቹም ተጨንቀው ፈልገው መለሱት። ኋላ ግን አንድ ዓመት እንዲማር፥ ከዚያም ወደ ኳሱ እንዲሄድ ተስማሙ። ዳካር ለፈተና በቀረበ ጊዜ አንድ መራጭ የተቀደደ ጫማውንና ለጨዋታ የማይሆን ቁምጣውን አይተው፥ በዚህ ልትጫወት ነውን? ብለው ጠየቁት። እርሱም ካለው ሁሉ የሚሻለው ያው መሆኑን ነገራቸው። ጨዋታውን ባዩ ጊዜ ግን ጫማውን ረስተው ወዲያው መረጡት።

ከዚያም ወደ ፈረንሳይ፥ ቀጥሎም ወደ ኦስትሪያ፥ በ2014 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። በ2015 ዓ.ም. ለሳውዝሃምፕተን ሲጫወት በ2 ደቂቃ ከ56 ሰኮንድ ውስጥ 3 ግብ አገባ፤ በፕሪሚየር ሊግ ታሪክ ከእርሱ በፊት እንዲህ የፈጠነ አልነበረም። ከሊቨርፑል ጋርም በ2019 ዓ.ም. የአውሮፓን፥ በ2020 ዓ.ም. የእንግሊዝን ዋንጫ ወሰደ። በ2022 ዓ.ም. ሴኔጋል ከግብጽ ጋር ለአፍሪካ ዋንጫ በተጋጠመች ጊዜ የመጀመሪያውን ፍጹም ቅጣት ምት ግብ ጠባቂው መለሰበት። በመጨረሻ በተደረገው የመለያ ምት ግን ሳይፈራ እንደ ገና ቀርቦ አገባ፤ አገሩም ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘች።

ሀብትና ክብር በበዛለት ጊዜ ግን ባምባሊን አልረሳም። በ2019 ዓ.ም. ለመንደሩ ትምህርት ቤት አሠራ፤ በ2021 ዓ.ም. ደግሞ ሐኪም ቤት ተከፈተ። ሐኪም የሌለበት ሐኪም ቤት ባዶ ግድግዳ ነውና ስለ ሠራተኞቹ ነገር በጊዜው ፕሬዚዳንት ከነበሩት ከማኪ ሳል ጋር ተነጋገረ። በ2022 ዓ.ም. ለበጎ ሥራ የሚሰጠውን የሶቅራጥስ ሽልማት ከሁሉ አስቀድሞ ተቀበለ።

ይህ ሐኪም ቤት የሳዲዮን አባት ከመቃብር አላስነሣም። ነገር ግን ዛሬ በባምባሊ አባቱ የታመመበት ልጅ ሐኪም በሌለበት መንደር አይቀመጥም። ኀዘን የደረሰበት ሰው ሁሉ ያለቅሳል፤ ያው ኀዘን በሌላው ላይ እንዳይደርስ የሚደክም ግን ጥቂት ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የተሰጠህ መክሊት ምን እንደ ሆነ ብቻ አትጠይቅ፤ ማንን እንደምትጠቅምበትም አስብ።