ክብ ያጠቆረ እጅ ድርሰት ሲጠየቅ

ሓድነት በትግርኛ አንድነት ማለት ነው። በዚህ ስም በሚጠራው የመቐለ ክፍለ ከተማ ተወልዶ ያደገ ልጅ ግን ትምህርቱን የሚያገኘው በአንድ ቋንቋ አይደለም። እስከ ስምንተኛ ክፍል ሒሳቡንም ሳይንሱንም በትግርኛ ይማራል። አማርኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ሲሰጠው ቆይቷል። እንግሊዝኛንም እንዲሁ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በትንሽ በትንሹ ሲለማመድ ይቆይና ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ መማሪያ መጻሕፍቱ በአንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይዞሩበታል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ደግሞ የመጀመሪያ ዓመት የእንግሊዝኛ ኮርስ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያለው ድርሰት ጽፎ እንዲያመጣ ያዘዋል። ይህ ተማሪ ለዩኒቨርሲቲ ያበቃውን አገር አቀፍ ፈተና ያለፈው አንድም ዓረፍተ ነገር ሳይጽፍ ነው። የተጠየቀው ከተሰጡት አማራጮች አንዱን መርጦ በመልስ መስጫው ወረቀት ላይ ክቧን በእርሳስ ማጥቆር ብቻ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ያልተጠየቀውን ነገር በአንድ ሴሚስተር እንዲያሟላ ሲጠበቅበት፣ ካልሆነለት ጥፋቱ የማነው?

የተለመደው መልስ «ሰዋስው አያውቁም» የሚል ነው። መድኃኒቱም እንደ በሽታው ስም ይታዘዛል፤ ተጨማሪ ሰዋስው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ ይለያል። ተማሪዎቻችን የሚቸግራቸው በዋናነት የሰዋስው ሕግ ማነስ አይደለም። ጽፎ፣ ታርሞ፣ መልሶ መጻፍ የሚባለውን ልማድ ማንም አላስያዛቸውም። አንድ የተጣበበ ኮርስም የሰዋስው ምዕራፎችን በመደርደር ይህን ልማድ ሊተክል አይችልም። ሊተክል የሚችለው ራሱ የልማዱ ቦታ ሲሆን ነው።

ኮርሱ አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ የኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። የመቐለ ዩኒቨርሲቲም በ1992 ዓ.ም. ሁለት ኮሌጆች ተዋህደው ሲመሠረት የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። አንድ ሰሞን አዲስ ገቢዎች በመጀመሪያ «ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ»፣ ቀጥሎ «ቤዚክ ራይቲንግ ስኪልስ» የሚባሉ ኮርሶችን ይወስዱ ነበር። አገር አቀፉ የትምህርት ፍኖተ ካርታ ከወጣ በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ሲመለስ፣ አንድ እና ሁለት ተብሎ የተከፈለ የእንግሊዝኛ ክህሎት ኮርስ ተተካ። ስሙ ይለዋወጥ እንጂ ሸክሙ ያው ነው። እያንዳንዱ ክፍል በሦስት ክሬዲትና በአሥራ ስድስት ሳምንት ገደማ ማንበብን፣ መናገርን፣ ማዳመጥን፣ ሰዋስውንና ከአንቀጽ እስከ ድርሰት ያለውን ጽሕፈት ማዳረስ ይጠበቅበታል። በሳምንት ሦስት ሰዓት ቢባል ሲደመር አርባ ስምንት ሰዓት ነው፤ ከዚህ ላይ ፈተናና በዓል ይቀነሳል።

ከኮርሱ በፊት ያለውን እንመልከት። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ ውጤቱ ሲወጣ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ መሆናቸው አገሩን አስደነገጠ። ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን ብቃት፣ ስለ ፖሊሲ ብዙ ተባለ። ፈተናው ራሱ ምን እንደሚጠይቅ ግን እምብዛም አልተነሳም። የእንግሊዝኛው ፈተና ስለ ጽሕፈት ሲጠይቅ እንኳ የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን አቅርቦ «ትክክለኛው ቅደም ተከተል የቱ ነው?» ይላል። ይህ ሌሎች የጻፉትን የመለየት ችሎታ ነው፤ ከባዶ ወረቀት መጀመር ሌላ ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተጨመረው የመውጫ ፈተናም ያው የምርጫ ጥያቄ ነው። እንግዲህ ተማሪው በምርጫ ገብቶ በምርጫ ይወጣል። መምህርም ተማሪም ፈተናው ወደሚያይበት ማየታቸው አይቀርም። የማይፈተን ነገር በትርፍ ሰዓት የሚሠራ ነገር ይሆናል፤ ትርፍ ሰዓት ደግሞ የለም።

አሁን የተማሪውን ወረቀት ጠጋ ብለን እንየው። በብዙ ድርሰት ላይ የሚገኝ አንድ ስህተት አለ፤ «ኦልዞ ሂ ኢዝ ፑር፣ በት ሂ ኢዝ ሃፒ»። እንግሊዝኛ ከሁለቱ ማያያዣዎች አንዱን ብቻ ይፈልጋል። ተማሪው ሁለቱንም ያስገባው ባለማወቅ ብቻ አይደለም። በአማርኛ «ምንም እንኳ ድሃ ቢሆን፣ ግን ደስተኛ ነው»፣ በትግርኛም «ዋላ እኳ» ተብሎ ሲጀመር «ግን» ተከትሎት መምጣቱ የተለመደ ነው። ሌላም አለ። «ነገ እመጣለሁ አለ» የሚለውን ተማሪው «ሂ ሰይድ አይ ዊል ከም ቱሞሮው» ብሎ ይጽፈዋል። አማርኛም ትግርኛም የሌላውን ሰው ንግግር ከነመደቡ፣ «ጽባሕ ክመጽእ እየ ኢሉ» እንደሚባለው፣ ሳይነኩ ያስተላልፋሉ። በእንግሊዝኛ ግን «አይ» የሚለው ቃል የሚመጣውን ሰው ትቶ ጸሐፊውን ራሱን ያመለክታል። ስለዚህ አንባቢው ነገ የሚመጣው ማን እንደሆነ ይጠፋዋል። እነዚህን ስህተቶች የፈጠረው ሥርዓት አልባነት አይደለም። ሌላ ሥርዓት ነው፤ ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት በሚገባ የኖረበት ሥርዓት።

ለእንዲህ ዓይነቱ ስህተት «የተዘዋዋሪ ንግግር ሕጎች» የሚል ምዕራፍ ቢሰጠው ተማሪው መልመጃውን አሥር ከአሥር ሊያገኝ ይችላል። በሳምንቱ በሚጽፈው ድርሰት ላይ ግን ስህተቱን ይደግመዋል። መልመጃው ላይ አእምሮው የሚያስበው ስለ ሕጉ ነው፤ ድርሰቱ ላይ ስለ ጉዳዩ ነው። ሕጉ የሚጣበቀው የራሱ ዓረፍተ ነገር፣ እሱ ሊል የፈለገውን ሳይል መቅረቱን ሲያይ ነው። ከሰዋስው በላይ የሆነ ችግርም አለ። ብዙ ድርሰት በአማርኛ ሲሆን «እንደሚታወቀው»፣ በእንግሊዝኛ ሲሆን «አስ ዊ ኖው» ብሎ ይነሳና ዓለማችንን፣ ቴክኖሎጂን፣ ጥቅምና ጉዳትን ዞሮ ምንም ሳያስረዳ ያበቃል። ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ ቢታረሙ እንኳ ድርሰቱ ባዶ ነው። ጉዳዩ የሚታወቅ ከሆነ መጻፉ ለምን አስፈለገ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረምና።

በዚህ ረገድ ሌላው ዓለም ብዙ ደክሟል። የሃርቫርድ ኮሌጅ በ1874 እ.ኤ.አ. ለመግቢያ የጽሕፈት ፈተና ጀምሮ፣ እንግሊዝኛን ከእናታቸው አፍ የተማሩ የሀብታም ልጆች ሳይቀሩ ሲወድቁ አየ፤ በ1885 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ዓመት የድርሰት ኮርስ አቋቋመ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የኮሌጅ ድርሰት ኮርስ የዚያ ልጅ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ከተሞከረ በኋላ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ስቲቭ ግራሃምና ዶሎሬስ ፔሪን ከአራተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተደረጉ ጥናቶችን በአንድ ላይ መዝነው ነበር። ለብቻው ተነጥሎ የሚሰጥ የሰዋስው ትምህርት የጽሑፍን ጥራት ከማሻሻል ይልቅ ወደ ኋላ ሲጎትት ተገኘ። ማቀድን፣ መከለስንና ማረምን በተግባር ማስተማር፣ ያነበቡትን አሳጥሮ መጻፍ፣ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ወደ አንድ ማዋሃድ ደግሞ ጎልተው ጠቀሙ። ሦስቱም የሚሠሩት ብዕር ወረቀት ላይ ሲሆን ነው።

ለዚህ ግን ባሕር መሻገር አያስፈልግም ነበር። ሰዋስውንና ድርሰትን አንድ ላይ የማስተማር ጥንታዊ ጥበብ እዚሁ አለ፤ የቅኔ ቤት። በዋድላ፣ በጎንጅ፣ በዋሸራ ስም የሚታወቁት የቅኔ መንገዶች በዝርዝር ቢለያዩም መሠረታቸው አንድ ነው። መምህሩ ግስ ያወርዳል፤ አገባብ ያስረዳል። ተማሪው በዚያው ልክ ለብቻው ተቀምጦ በግእዝ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያቃናል፣ ያፈርሳል፣ «እንዲህ ቢሆን» ይላል፤ ጓደኞቹም ይሰማሉ። የሚጀመረው ሁለት ቤት (ስንኝ) ካለው ጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደረሰው በደረጃ ነው። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም አይቻልም፤ በየጊዜው አዲስ መቆጠር አለበት። ግእዝ ለተማሪው የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይደለም፤ እንግሊዝኛ ለሓድነቱ ልጅ እንዳልሆነው ሁሉ። ሆኖም የቅኔ መምህር ሰዋስውን ጨርሳችሁ ድርሰት ትጀምራላችሁ አይልም። ግሱ የሚፈለገው ቅኔው ስለሚጠይቀው ነው፤ ስለዚህም አይረሳም። ሥርዓቱ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም፤ ዓመታት ይፈጃል፣ ብዙዎችንም በመንገድ ያስቀራል። ለኮሌጁ የሚበጀው ርዝመቱ ሳይሆን ዑደቱ ነው።

የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤ የአሜሪካ ጥናት የተሠራው እንግሊዝኛን በቤታቸው በሚናገሩ ልጆች ላይ ነው፤ የኛ ልጅ ግን ያለ ሰዋስው ትምህርት ከየት ያመጣዋል? እውነት አለበት። ቋንቋውን በጎዳና የማይሰማ ተማሪ ሕጉ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ስህተትን ማረም ለሁለተኛ ቋንቋ ተማሪ ይጠቅማል አይጠቅምም በሚለው ላይም ጆን ትረስኮት በ1996 እ.ኤ.አ. «አይጠቅምም» ካለ ወዲህ፣ ዳና ፌሪስና ሌሎች ሲሞግቱት ኖረዋል። ጥያቄው ግን ሰዋስው ይሰጥ አይሰጥ አይደለም፤ መቼና ከምን ጋር ይሰጥ ነው። መምህሩ የክፍሉን ወረቀት አንብቦ «ኦልዞ» እና «በት» አብረው የገቡበትን ሃያ ዓረፍተ ነገር ካገኘ፣ የነገው የሰዋስው ትምህርት ራሱን መርጧል ማለት ነው። የሦስት ቋንቋ ዓረፍተ ነገሮችን ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ልዩነቱን ቢያሳይ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ማንም ያልተሳሳተበትን ምዕራፍ ደግሞ መዝለል ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጣቱን በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ላይ ይቀስራል፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር እንግሊዝኛን ገደለ ይላል። ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ አስጠንቶት በካትሊን ሂው የተመራው የ2006 እ.ኤ.አ. ጥናት ያመለከተው ግን ተቃራኒውን ነው። ስምንት ዓመት በቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በስምንተኛ ክፍል ምዘና የተሻለ ውጤት ነበራቸው። እንግሊዝኛ ቀድሞ የማስተማሪያ ቋንቋ የሆነባቸው ተማሪዎች በዚያ ምክንያት ብልጫ አላገኙም። ለጽሕፈት ደግሞ ይህ ከሁሉ በላይ ይጠቅማል። ሐሳብን መክፈት፣ ማስረጃ ማቅረብ፣ ለተቃራኒው መልስ መስጠት በየትኛውም ቋንቋ የሚማሩት ሙያ ነው። በትግርኛ ጥሩ ሙግት ያልጻፈ ልጅ በእንግሊዝኛ ሊጽፍ አይችልም። ስለዚህ የሚያስጠይቀው የአፍ መፍቻ ቋንቋው አይደለም፤ በዚያ ቋንቋም ቢሆን ድርሰት አለመጻፉ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የከበደ ነው፤ ማን ያርመዋል? እናስላው። አንድ መምህር ሃምሳ ሃምሳ ተማሪ ያላቸው አራት ክፍሎች ቢይዝ ሁለት መቶ ድርሰት ይቀበላል። ለአንዱ አሥር ደቂቃ ቢሰጥ ከሠላሳ ሦስት ሰዓት በላይ ይሆናል፤ ይህ ለአንድ ዙር ብቻ ነው። መምህሩ አሳይመንቱን ሰብስቦ ሳይመልስ ቢቀር ስንፍና ብቻ አይደለም። ነገር ግን ሒሳቡ የሚያስረዳው መጻፍ አይቻልም የሚለውን ሳይሆን ረጅም ድርሰት አንዴ አስጽፎ በቀይ እስክሪብቶ ማቅለም እንደማይቻል ነው። በየሳምንቱ ስድስት ዓረፍተ ነገር ያላት አንዲት አንቀጽ ብትጻፍ፣ መምህሩ በየተራ የተማሪዎቹን ሩብ ብቻ ቢያነብ፣ በእያንዳንዱ ላይም አንድ ነገር ብቻ ምልክት ቢያደርግ፣ ቀሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የጓደኛቸውን ቢያነቡ፣ ሥራው በሳምንቱ የሥራ ሰዓት ውስጥ ይገባል። ቁም ነገሩ ወረቀቷ መመለሷና እንደገና መጻፏ ነው። ውጤት የሚሰጠው ለሁለተኛው ረቂቅ ከሆነ ተማሪው ምልክቱን ያነበዋል፤ ለመጀመሪያው ከሆነ ቁጥሩን አይቶ ያጥፈዋል።

አራተኛው አዲስ ነው። ስልኩ ራሱ ድርሰት በሚጽፍበት ዘመን ይህ ድካም ለምን? መልሱ ከላይ ካለው ይወጣል። ማሽኑ የሚሰጠው የተጠናቀቀ ወረቀት ነው፤ ኮርሱ የሚፈልገው ግን ወረቀቱን አይደለም፣ ከመጀመሪያው ረቂቅ ወደ ሁለተኛው የተሄደውን መንገድ ነው። ክፍል ውስጥ በእጅ የተጻፈች፣ የጓደኛ አስተያየት ያረፈባት፣ ታርማ የተመለሰች አንቀጽ ከስልክ አትገለበጥም። ማሽኑ ያሰናከለው በቤት ተሠርቶ በመጨረሻው ሳምንት የሚገባውን አሳይመንት ነው፤ እሱም ቀድሞውኑ ከጓደኛ ሲገለበጥ የኖረ ነው።

ትግራይ ውስጥ ይህ ሁሉ ከሌላው ቦታ ይልቅ አስቸኳይ ነው። ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ተዘጉ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት መጣ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላም ክፍሎች የተከፈቱት ከወራት ቆይታ በኋላ ነው። ሦስት ዓመት ገደማ ያጣ ትውልድ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ያመለጠውን ምዕራፍ ሁሉ በፍጥነት የመሸፈን ፈተና አለ። ለጽሕፈት ይህ መንገድ አይሠራም፤ ያመለጠው ምዕራፍ ሳይሆን ልምምድ ነውና። ተማሪው ግን ባዶ እጁን አልመጣም። በሦስት ቋንቋ የሚያስብ ነው፤ የሚለውም ነገር ከእኩዮቹ በላይ አለው።

ስለዚህ የሚጠየቀው ለውጥ ትልቅ በጀት አይፈልግም። ዩኒቨርሲቲው የሰዋስው ምዕራፎቹን ግማሽ ቀንሶ በየሳምንቱ የምትመለስ አንቀጽ ይተካ። ትምህርት ሚኒስቴር ደግሞ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ አንድ የጽሕፈት ጥያቄ ያስገባ፤ ማረሙ እንደሚከብድ የታወቀ ነው፤ አምስት ዓረፍተ ነገርም ቢሆን ይበቃል። ያች አምስት ዓረፍተ ነገር ፈተናው ላይ ከታየች ዘጠነኛ ክፍል ያለው መምህር በማግስቱ ማስጻፍ ይጀምራል። ያኔ የፍሬሽማኑ ኮርስ አሥራ ሁለት ዓመት ሲጠራቀም የኖረ ዕዳ ከፋይ መሆኑ ቀርቶ፣ ጽፎ የሚያውቅን ልጅ ተቀብሎ በደንብ እንዲጽፍ የሚያደርግ ኮርስ ይሆናል። አርባ ስምንት ሰዓት ለዚህኛው ሥራ አያንስም።