የገብስ ዘርና የመንዝ ሴቶች

ሞላሌ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ማማ ምድር ወረዳ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ውርጭ በሚበዛበት በዚህ አገር ከአዝርዕት ሁሉ የሚቀድመው ገብስ ነው። እንጀራው፣ በሶው፣ ቆሎው፣ ጠላውም ከእርሱ ይገኛል። የገብስ ታሪክ ሲነገር ግን የሚዘነጋ ነገር አለ። «ገበሬ» የሚለውን ቃል ስንሰማ በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ሞፈርና ቀንበር የተሸከመ ወንድ ነው። እርግጥ፣ የሚያርሰውና የሚዘራው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ የሚዘራው ዘር ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ወደ ጓዳ ይመራናል።

እህሉ ከአውድማ ከገባ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ነው። እመቤቲቱ ገብሱን በሰፌድ ታበጥራለች፤ የተሰበረውንና የቀጨጨውን ለቅማ ታወጣለች፤ ፍሬው የሞላውን ለዘር ትለያለች። ዘሩ የሚቀመጥበትን ጎታም ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት የምትሠራው እርሷ ናት። የትኛው ገብስ በቀላሉ እንደሚፈተግ፣ የትኛው ለበሶ፣ የትኛው ለጠላ እንደሚስማማ የምታውቀውም ሙቀጫና ምጣድ የያዘችው ናት። ነጩ ከጥቁሩ ተለይቶ ከዘመን ወደ ዘመን የተላለፈው በዚህ ዕውቀት ጭምር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የረሃብ ዓመት ነው። ልጆች እየራባቸው ለዘር የተለየውን ገብስ ሳይነኩ እስከ ዘር ጊዜ መዝለቅ ምን ያህል ጭንቅ እንደሆነ ያላየው ሰው አይረዳውም። ዘሩ ከተበላ ያ የገብስ ዓይነት ከዚያ ቤት ጠፋ ማለት ነው።

ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዘር ሲሰበስብ በገብሱ ዓይነት ብዛት ተደንቆ ነበር። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የገብስን ቅጠል ቢጫ አድርጎ ቁመቱን የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ በካሊፎርኒያ በተነሣ ጊዜ፣ ተመራማሪዎች ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰበ ዘር ፈተኑ። በሽታውን ተቋቁመው ከተገኙት እጅግ የሚበዙት የኢትዮጵያ ገብሶች ነበሩ። የካሊፎርኒያም እርሻ በዚህ ዘር ተጠቀመ። በዘር መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ግን የሰብሳቢው ስም፣ ቦታውና የቦታው ከፍታ ነው፤ ዘሩን ለቅማ ያቆየችው ሴት ስም አይሰፍርም።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በእንግሊዝ አገር፣ ሳውዝዌል በተባለች ከተማ፣ ሜሪ አን ብሬልስፎርድ የተባለች ልጃገረድ እ.ኤ.አ. በ1809 የፖም ፍሬ ዘር ተከለች። ዛፉ አድጎ ለወጥ ቤት እጅግ የሚስማማ ፖም አፈራ። እ.ኤ.አ. በ1846 ማቲው ብራምሊ የተባለ ሥጋ ሻጭ ቤቱን ከነአትክልቱ ገዛ። ከ10 ዓመት በኋላ አንድ ችግኝ ነጋዴ ፖሙን አባዝቶ ለመሸጥ ፈቃድ ሲጠይቀው፣ «በስሜ ይጠራ» ብሎ ፈቀደለት። ፖሙ ዛሬም «ብራምሊ» ይባላል።