ለአጥንት ጥንካሬ የሚያስፈልገው ካልሲየም ከየት ይገኛል?

የአንድ ሰብል ጠቀሜታ በሄክታር በሚያስገኘው ኩንታል ብቻ አይመዘንም። ዳጉሳ የሚያመርት ገበሬ ማሳውን በሙሉ ወደ በቆሎ ሲያዞር ምርቱ ሊጨምር ይችላል፤ ከቤተሰቡ ገበታ ላይ ግን ካልሲየም ይጎድላል። 100 ግራም ዳጉሳ 300 ሚሊ ግራምና ከዚያም በላይ ካልሲየም ሲይዝ፣ ጤፍ 150 ያህል ይይዛል፤ የበቆሎው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 አያልፍም። እርግጥ ዳጉሳው ወደ አረቄ የሚሄድ ከሆነ ካልሲየሙ አተላው ውስጥ ይቀራል።

በሰውነት ውስጥ ካለው ካልሲየም 99 ከመቶው የሚገኘው በአጥንትና በጥርስ ነው። ልብና ጡንቻ ያለ ካልሲየም ስለማይሠሩ፣ ከምግብ ያልተገኘው ከአጥንት እየተቀነሰ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ አጥንት እንደ ጎተራ ሊቆጠር ይችላል። ጎተራው የሚሞላው ከልጅነት እስከ 30 ዓመት ግድም ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች በቀን 1300፣ ጎልማሶች 1000 ሚሊ ግራም ያህል ያስፈልጋቸዋል። ሴቶች የወር አበባቸው ከተቋረጠ በኋላ አጥንታቸው በፍጥነት ስለሚሳሳ፣ የ14 ዓመቷ ልጃገረድ ዛሬ የምትመገበው ለዚያ ጊዜ ስንቅ ይሆናታል።

አንድ ብርጭቆ ወይም 250 ሚሊ ሊትር ወተት 300 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ይሰጣል። የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባሎቻቸው ወተቱን በሙሉ ለገበያ አቅርበው ልጆቻቸው እንዳይቀርባቸው ማስገንዘብ ይገባቸዋል። ቅቤ ንጦ መሸጥ ግን ያን ያህል አይጎዳም፤ ካልሲየሙ አሬራው ውስጥ ይቀራልና። አሬራው አይብ ሲወጣለት ደግሞ፣ ኮምጣጣነቱ ካልሲየሙን ስለሚያሟሟው፣ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። በብዙ ቤት አጓቱ ይደፋል ወይም ለእንስሳት ይሰጣል። በውኃ ፋንታ በአጓት የዳጉሳ ገንፎ ቢገነፋ፣ ሁለቱ በአንድ ድስት ይገናኛሉ፤ በደንብ ስለሚፈላም ለልጆች አያሰጋም።

በጾም ወራት ወተት ስለማይኖር የጓሮ ጎመን ትልቅ ድርሻ አለው። ቆስጣም ካልሲየም አለው፤ ሆኖም ኦክሳሌት የተባለው ንጥረ ነገር አስሮ ስለሚይዘው ሰውነት የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴትም እንዲሁ ያስራል። ሊጡን በእርሾ አቡክቶ በሚገባ ማብላላት፣ እህሉንም ማብቀል ፋይቴቱን ይቀንሳል።

ካልሲየም ከአንጀት በሚገባ እንዲሰርፅ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ ይህንንም ቆዳ ከፀሐይ ያገኘዋል። ፀሐይ በሞላበት አገር ተጠቅልሎ ቤት የሚውል ሕፃን በሪኬትስ ሊያዝ ይችላል። የልማት ሠራተኛው እግሩ የጎበጠ ሕፃን ሲያጋጥመው፣ ስለ ምግብ ከመምከሩ በፊት ወላጆቹ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ማድረግ ይኖርበታል።